ማርሹ ለምን ያፋጫል? ከትንሽ መኪና ወደ ከባድ ለተሻገረ ሾፌር

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ስድስት ዓመት ባለ 5 ማርሽ ትንሽ የጭነት መኪና ነድቻለሁ። አንድም ቀን ካምቢዮ አስቸግሮኝ አያውቅም። አሁን ከባድ መኪና ላይ ሥራ አገኘሁ። ድርጅቱ ሁለት ዓይነት መኪና አለው። አንዱ ባለ 10 ማርሽ ነው፣ ሌላው ባለ 16። ባለ 10ሩ በየማርሹ ጥርስ ያፋጫል። ባለ 16ቱ ላይ ደግሞ የትኛው ማርሽ ላይ እንዳለሁ ይጠፋብኛል። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች እየረገጥኩ ነው፣ ግን ምንም ለውጥ የለም። ረዳቱ ሳይቀር ይስቅብኛል። ችግሩ እጄ ነው ወይስ መኪናው? ስንት ቀንስ ይፈጅብኛል?»

ወንድሜ፣ እጅህም ደህና ነው፣ መኪናውም ደህና ይመስለኛል። የጻፍካት አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን ሁሉን ነገር ነግራኛለች። «ፍሪሲዮኑን እስከ ታች እየረገጥኩ ነው» ብለሃል። ባለ 10ሩ ላይ ዋናው በሽታህ ይኼ ነው። ባለ 16ቱ ላይ ደግሞ ይኸው ነገር ግዴታህ ነው። ሁለት መኪና፣ ሁለት ተቃራኒ ሕግ። ግራ ቢገባህ አይገርምም።

መጀመሪያ ያቺ ትንሿ መኪናህ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራልህ እንደኖረች ልንገርህ። አንድ ማርሽ እንዲገባ በካምቢዮው ውስጥ በተለያየ ፍጥነት የሚሽከረከሩ ሁለት ነገሮች እኩል መሆን አለባቸው። አንደኛው ወገን በሞተሩ የሚዞር ነው። ሌላው በጎማው የሚዞር ነው። ካልተስተካከሉ ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል፤ ያ የምትሰማው ጩኸት እሱ ነው። የትንሿ መኪና ካምቢዮ ውስጥ በየማርሹ ሲንክሮ አለ። ሲንክሮ ማለት ቀለል አድርገን ካየነው ትንሽዬ ፍሬን ነው። በእጅህ የያዝከውን የማርሽ ዘንግ ስትገፋ፣ ጥርሶቹ ከመገናኘታቸው በፊት አንድ ሾጣጣ ቀለበት ከማርሹ ጎን ጋር ይታሸና ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋል። ከዚያ በሩ ይከፈታል፣ ማርሹ ይገባል። አንተ ዘንግ ገፋህ እንጂ ፍጥነት ያስተካከለው ቀለበቱ ነው።

ባለ 10 ማርሹ መኪናህ ዋና ካምቢዮ ላይ ይህ ቀለበት የለም ማለት ነው። ከምትለው ምልክት ተነስቼ የፉለር ዓይነት ነው ብዬ እገምታለሁ። ፉለር አሜሪካ ካላማዙ ከተማ የተነሳ ካምቢዮ ሠሪ ነበር፤ በ1958 ኢተን የተባለው ኩባንያ ገዛው። የዚህ ቤተሰብ ካምቢዮዎች በዓለም ላይ ብዙ ከባድ መኪና ላይ አሉ፤ በቻይናው ፋስት ኩባንያ በኩልም በዚያው አሠራር ብዙ ተመርቷል። ሲንክሮ የሌላቸው ሠሪው ረስቶ ወይም ቆጥቦ አይደለም። የሚያልቅ ቀለበት ከሌለ የሚበላሽ ቀለበት የለም። ካምቢዮው ጠንካራ ነው፣ ዕድሜው ረዥም ነው። ፍጥነት የማስተካከሉን ሥራ ግን ለሾፌሩ አሳልፎ ሰጥቶታል። እስካሁን ቀለበቱ ሲሠራልህ የነበረውን ከአሁን ወዲያ በእግርህና በጆሮህ ትሠራዋለህ።

እርግጠኛ ለመሆን ካምቢዮው ጎን ላይ የተለጠፈውን ቆርቆሮ አንብብ። የሞዴሉ ቁጥር እዚያ አለ። መካኒኩ ቁጥሩን አይቶ ሲንክሮ ይኑረው አይኑረው በአንድ ደቂቃ ይነግርሃል። ይህን ሳታውቅ አዲስ መኪና አስነስተህ አትውጣ። እኔ ሰው ሳሠለጥን መጀመሪያ የማደርገው ነገር ይኼ ነው። ካቢኑ ላይ ከመውጣታችን በፊት መኪናው ሥር እንንበረከካለን።

አሁን ወደ ፍሪሲዮኑ። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት መኪናዎች ክላች ብሬክ የሚባል ነገር አላቸው። ፔዳሉ ወለሉን ሊነካ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ወደ ካምቢዮው የሚገባውን ዘንግ ይዞ ያቆመዋል። የተሠራው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አንደኛ ወይም የኋላ ማርሽ ስታስገባ ጥርሱ እንዳይፋጭ። መኪናው እየሄደ እስከ ታች ስትረግጠው ግን ምን ይሆናል? ጎማው አንዱን ወገን በፍጥነት ያዞረዋል፣ አንተ ሌላውን ወገን ይዘህ ታቆመዋለህ። ልታቀራርባቸው የሚገቡህን ሁለት ነገሮች በእግርህ እያራራቅካቸው ነው። ለዚህ ነው «እየረገጥኩ ለውጥ የለም» ያልከው። እንዲያውም የረገጥከው በጨመረ ቁጥር ጩኸቱ ይጨምራል። ክላች ብሬኩም ያልቃል፤ እሱ ካለቀ በኋላ ቆመህም አንደኛ ማርሽ እያንጫጫ ይገባል።

ስለዚህ ባለ 10ሩ ላይ፣ እየሄድክ ከሆነ፣ ፔዳሉን ግማሽ ድረስ ብቻ ርገጥ። ፍሪሲዮኑ የሚለቅበት ቦታ እዚያ ነው። ስድስት ዓመት የለመደ እግር በአንድ ቀን እሺ አይልም። አንድ ሠልጣኝ ነበረኝ፣ ጎበዝ ሾፌር ነው፣ እግሩ ግን ራሱን ችሎ ይወርድ ነበር። በመጨረሻ ወፍራም ጫማውን አውልቆ ስስ ጫማ አደረገ። በዚያው ቀን ገባው። ከባድ ጫማ ፔዳሉ የት እንዳለ ይደብቅብሃል።

ከዚያ ድርብ ፍሪሲዮን የሚባለው ይመጣል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ወደ ላይ ስትቀይር እንዲህ ነው፦ ነዳጅ መስጫውን ትለቃለህ፣ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ትረግጣለህ፣ ዘንጉን ወደ ዜሮ፣ ማለትም ምንም ማርሽ ወደሌለበት ቦታ፣ ታወጣለህ። ፍሪሲዮኑን ትለቃለህ። እዚህ ላይ ትንሽ ትጠብቃለህ። የሞተሩ ዙር፣ ማለትም በደቂቃ የሚዞረው ብዛት፣ ይወርዳል። ወደሚፈለገው ሲደርስ እንደገና ግማሽ ትረግጥና ማርሹን ታስገባለህ። ያቺ መሐል ላይ የምትለቅባት ጊዜ ለምን አስፈለገች ካልክ፣ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ሞተሩ ከካምቢዮው ውስጠኛ ዘንግ ጋር ይያያዛል። የሞተሩ ዙር ሲወርድ የውስጠኛው ዘንግም አብሮ ይወርዳል። ፔዳሉን ረግጠህ ከቆየህ ግን ውስጠኛው ዘንግ በራሱ ጊዜ ነው የሚዘገየው፤ መቼ እንደሚደርስ አታውቅም።

ማርሽ ስትቀንስ የሚለየው መሐሉ ብቻ ነው። ዜሮ ላይ ፍሪሲዮኑን ለቀህ ዙሩ እስኪወርድ መጠበቅ ሳይሆን ነዳጅ ሰጥተህ ዙሩን ከፍ ታደርገዋለህ። ከዚያ ረግጠህ ታስገባለህ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ወደ ታች ሲቀይር መኪናው እየዘገየ ስለሆነ ሞተሩም መውረድ ያለበት ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው። በተመሳሳይ ፍጥነት ትንሽ ማርሽ ላይ ሞተሩ የበለጠ መዞር አለበት።

«ወደሚፈለገው ሲደርስ» አልኩህ። የሚፈለገው ስንት ነው? ሰዉ ዘንጉን የት እንደሚገፋ ያስተምርሃል፣ ይህን ግን ብዙዎቹ አይነግሩህም። የትኛውንም የማታውቀውን ካምቢዮ የምትለምደው በማርሾቹ መካከል ያለውን የዙር ልዩነት በማወቅ ነው። የዘንጉ ካርታ በአንድ ሰዓት ይሸመደዳል። የዙር ልዩነቱ ነው ሾፌር የሚያደርግህ።

ልዩነቱን ራስህ ለካው። መንገዱ ሜዳና ባዶ ሲሆን፣ በአንድ ፍጥነት ሂድ፣ ለምሳሌ በ40 ኪሎ ሜትር። በ7ኛ ማርሽ ዙሩ ስንት እንደሆነ አጠገብህ ያለው ሰው ይጻፍልህ። ያው 40 ላይ ሆነህ በ8ኛ ስንት ነው? ልዩነቱ ያ ነው። በባለ 10 ማርሽ መኪና ላይ 1,400 አካባቢ ብትቀይር ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 400 ዙር ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ 1,400 ላይ ለቀህ ወደ 1,050 አካባቢ ሲደርስ ታስገባለህ። ማርሽ ስትቀንስ ደግሞ 1,050 ላይ ሆነህ ወደ 1,400 ታነሳዋለህ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈህ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፈው። አትፈር። ረዳቱ ይሳቅ፤ ሳምንት ሳይሞላው ወረቀቱን አንስተህ ትጥለዋለህ፣ ምክንያቱም ጆሮህ ድምፁን ይይዘዋል።

አንድ ነገር ልብ በል። ልዩነቱ ቋሚ ቁጥር አይደለም፣ እንደ ዙሩ ከፍታ ይለያያል። 1,800 ላይ ብትቀይር የሚወርደው ይበዛል፣ 1,200 ላይ ብትቀይር ያንሳል። ለጀማሪ ጥሩው ዘዴ ሁልጊዜ በአንድ ዙር ላይ መቀየር ነው። ቁጥሩ ስለማይለዋወጥብህ ጆሮህ ቶሎ ይለምዳል። ሲሻሻልህ በፈለግከው ትቀይራለህ።

ዘንጉን አትታገለው። በሁለት ጣትና በአውራ ጣትህ ያዘው፣ እንደ ሻይ ብርጭቆ። ማርሹ የሚገባበት በር ላይ ስትደርስ ቀስ ብለህ ደገፍ አድርገው። ዙሩ ሲገጥም ራሱ ይወድቃል፣ ምንም ድምፅ የለውም። የመጀመሪያዋ ያለ ድምፅ የገባች ማርሽ ምን ያህል እንደምታስደስት አሁን ብነግርህ አታምነኝም። ካልገባ ግን በጉልበት አይደለም የሚገባው። ወደ ዜሮ መልሰው፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ፣ ዙሩን አስተካክልና እንደገና ሞክር። ከገባ በኋላም እጅህን ከዘንጉ አንሳ። እጅ ጭኖ መንዳት ውስጥ ያለውን ማርሽ የሚገፋውን ሹካ ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ማርሹ አልወጣ ብሎ የሚጣበቅበት ጊዜም አለ። በጭነት ላይ፣ ነዳጅ እየሰጠህ ሳለህ ጥርሶቹ እርስ በርስ ተጫጭነው ይያያዛሉ። ነዳጅ መስጫውን ለቀቅ ስታደርግ ይላላል። በዚያች ቅጽበት ሳብ አድርገው። ብዙ ነባር ሾፌሮች ይህን ይዘው ያለ ፍሪሲዮን ይቀይራሉ፤ እያየህ ትቀናለህ። ለአሁኑ ተወው። ፍሪሲዮን ይዞ መቀየር ያልቻለ ሰው ያለ ፍሪሲዮን ሲሞክር የሚከፍለው ካምቢዮው ነው።

ባለ 10ሩ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። 10 ማርሽ ቢባልም የዘንጉ ቦታ 5 ነው። ዘንጉ ላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ወደ ታች ስትሆን ሎው ናት፤ ከ1 እስከ 5። ወደ ላይ ስትሆን ሃይ ናት፤ እነዚያው ቦታዎች ከ6 እስከ 10 ይሆናሉ። ከ5ኛ ወደ 6ኛ ልትሄድ ስትል፣ ገና 5ኛ ላይ ሳለህ ማብሪያዋን ወደ ላይ አድርጋት። ምንም አይሆንም፣ ትጠብቅሃለች። ዘንጉን ወደ ዜሮ ስታወጣ የሚቀይረው የአየር ግፊት «ፍስስ» ይልና ይቀይራል። ከዚያ 1ኛ ወደነበረችበት ቦታ ታስገባለህ፤ አሁን እሷ 6ኛ ናት። ስትመለስም እንዲሁ፣ 6ኛ ላይ ሳለህ ወደ ታች ታደርጋለህ። ማብሪያዋን ዜሮ ላይ ሆነህ እንዳትነካት። በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሎው ማድረግ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። ሎውና ሃይ በሚቀይረው የካምቢዮው የኋለኛ ክፍል ውስጥ ያለው ሲንክሮ፣ አዎ እዚያ አንድ አለ፣ የሚቃጠለው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ባለ 16ቱ። እሱ ብዙ ጊዜ ዜድ ኤፍ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ካምቢዮ ወይም ያን የመሰለ ነው። ዋናው ካምቢዮ 4 ማርሽ ነው። ሎውና ሃይ ሲጨመርበት 8 ይሆናል። እያንዳንዱን ለሁለት የሚከፍል ስፕሊተር ሲጨመር 16 ይሆናል። ሾፌሩ ሁሉ ግማሽ ማርሽ የሚለው እሱ ነው። ሲንክሮ ስላለው ድርብ ፍሪሲዮን አያስፈልግህም፤ እንደ ትንሿ መኪናህ ነው። የሚያስቸግርህ ቆጠራው ነው።

ባለ 16ቱን እንደ 16 አትቁጠረው። 8 ማርሽ አለው ብለህ ያዝ፣ ግማሹን እርሳው። ባዶ መኪና ይዘህ ሜዳ ላይ ከ8ቱ ሁሉንም እንኳ አትፈልጋቸውም። ለማሳየት ያህል፣ በአንድ የታወቀ ባለ 16 ዜድ ኤፍ ካምቢዮ ላይ የ6ኛው ዝቅተኛ ግማሽ ጥምርታ (ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንዴ ሲዞር ሞተሩ የሚዞረው ማለት ነው) 2.08 ነው፣ የ7ኛው ዝቅተኛ 1.43። 1,500 ላይ ከ6ኛ ወደ 7ኛ ብትቀይር ዙሩ ወደ 1,030 ይወርዳል። የ8ኛው ዝቅተኛና ከፍተኛ ደግሞ 1.00 እና 0.84 ናቸው። በግማሹ ብቻ ብትቀይር 1,500 ወደ 1,260 ይወርዳል። ልዩነቱ ገባህ? ሙሉ ማርሽ 470 ይጥልሃል፣ ግማሹ 240። ሜዳ ላይ 470 መውደቅ ምንም አይደለም። ጭነህ ዳገት ላይ ግን 470 ከወደቅክ ሞተሩ ጉልበት ከሚሰጥበት ክልል ወጥተህ ትቀራለህ። ግማሽ ማርሽ የተሠራው ለዚያ ነው።

በነገራችን ላይ የማርሽ ብዛት የመኪናውን ትልቅነት አይለካም። ማክ የሚባለው የአሜሪካ መኪና ሠሪ በ1966 ማክሲዳይን የሚባል ሞተር ሲያወጣ ከባድ መኪናን በ5 ማርሽ ብቻ አስነድቷል። ሞተሩ በሰፊ የዙር ክልል ጉልበት ይሰጥ ስለነበር ነው። ጉልበቱ ጠባብ ክልል ውስጥ ያለ ሞተር ብዙ ማርሽ ይፈልጋል፣ ሰፊ ከሆነ ጥቂት ይበቃዋል። ስለዚህ አዲስ መኪና ላይ ስትወጣ ዙር ቆጣሪው ላይ አረንጓዴው ከየት እስከ የት እንደሆነ ተመልከት። የምትሠራበት ክልል እዚያ ነው።

የግማሿ ማብሪያ አሠራር ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጠቅ ታደርጋለህ፣ ምንም አይሆንም። ፍሪሲዮኑን ስትረግጥ ይቀይራል። ስትረግጥ ደግሞ እስከ ታች ነው። የሚቀይረው አየር የሚከፈተው ፔዳሉ መጨረሻ ላይ ነው። ግማሽ ረግጠህ ከለቀቅክ መሐል ላይ ይንጠለጠልና ማርሽ የሌለው ሆኖ ሞተሩ ባዶውን ይጮሃል። ጠዋት ባለ 10ሩን ነድተህ ከሰዓት ባለ 16ቱ ላይ ስትወጣ እግርህ የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔ ለሁለት ሳምንት አንዱን ብቻ ስጡኝ ብለህ ብትለምናቸው እመርጣለሁ። ሁለቱን ባንዴ መልመድ ይቻላል፣ ግን እግርን ማወናበድ ነው።

የባለ 16ቱ ዘንግ ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ እንደ ባለ 10ሩ ቦታዎቹን ሁለቴ የሚጠቀምና ለሎውና ለሃይ ማብሪያ ያለው ነው። ሌላው ድርብ ኤች የሚባለው ነው። ከ1 እስከ 4 በግራ ናቸው፣ ከ5 እስከ 8 በቀኝ። ከግራ ወደ ቀኝ ለመሻገር ዜሮ ላይ ዘንጉን በመዳፍህ መታ ታደርጋለህ፤ ስፕሪንጉን ታልፋለህ፤ አየሩ ሲቀይር ትሰማለህ። «የት ማርሽ ላይ እንዳለሁ ይጠፋብኛል» ያልከው በዚህኛው ይመስለኛል። ዜሮ ላይ ዘንጉ በየትኛው ወገን ላይ እንደሚያርፍ እጅህ ማወቅ አለበት። ሞተሩን አጥፍተህ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጠህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ተለማመድ። አየር በቂ እንዲሆን መጀመሪያ ሙላው፤ አየር ከሌለ ሎውና ሃዩ አይቀይርም። ሰው «6» ሲልህ ያለ ማየት 6 ላይ ማድረስ እስክትችል። ሃያ ደቂቃ በቂ ነው፣ ግን ሦስት ቀን ደጋግመው።

ድርብ ኤች ላይ አንድ የሚያስፈራ ስህተት አለ። 8ኛ ላይ በፍጥነት እየሄድክ ወደ 7ኛ ልትመልስ ስትል እጅህ ዘንጉን ወደ ግራ ከመታው 3ኛ ውስጥ ልትገባ ትችላለህ። ሞተሩ ገደብ አለው፣ ያድነኛል አትበል። ገደቡ ነዳጅ ነው የሚቆርጠው። ጎማው ሞተሩን ሲያዞረው የሚቆርጠው ነገር የለም። ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ። ፍሪሲዮኑን ረግጠህ ብትይዘው እንኳ ዲስኩ ከሚችለው በላይ ተሽከርክሮ ሊበተን ይችላል። ስለዚህ በቀኝ ወገን ሳለህ ስትቀይር ዘንጉን በመዳፍህ ወደ ቀኝ ደገፍ አድርገህ ነው የምታወርደው። በግራ ሳለህ ወደ ግራ። እጅህ የዘንጉን ጭንቅላት የሚይዝበት አቅጣጫ ራሱ ከስህተት ይጠብቅሃል።

አነሳስህም ይቀየራል። ትንሿ መኪና በ2ኛም ትነሳ ነበር። ከባዱን ጭነህ ስትነሳ ደንቡ ይህ ነው፦ ሜዳ ላይ ነዳጅ ሳትሰጥ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ስትለቅ ብቻ መኪናው መንቀሳቀስ አለበት። ነዳጅ ሳትሰጥ ካልተነሳ ማርሹ ትልቅ ነው፣ ቀንስ።

ቁልቁለት ላይ ግን እንቆይ። ካምቢዮ ባለማወቅ የሚመጣው እውነተኛ አደጋ እዚያ ነው። ጥርስ ማፋጨት ገንዘብ ነው። ቁልቁለት ላይ ማርሽ መሳት ሕይወት ነው።

የራሴን ልንገርህ። ሲንክሮ ያለው መኪና ለዓመታት ነድቼ፣ ገና ሲንክሮ የሌለውን በያዝኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጭኛለሁ። ቁልቁለቱ ከጀመረ በኋላ ማርሹ በዛብኝ። ልቀንስ ብዬ ወደ ዜሮ አወጣሁ። እንደለመድኩት ገፋሁት፣ አልገባም። ነዳጅ ሰጥቼ ሞከርኩ፣ ዙሩ አልደረሰም። በዚህ መሐል መኪናው ፍጥነት እየጨመረ ነው፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚያስፈልገው ዙር ይጨምራል፤ ስለዚህ ከማርሹ በየሰከንዱ እየራቅኩ ነበር። ያኔ አልገባኝም፣ እየደጋገምኩ እሞክራለሁ። በመጨረሻ ዘንጉን ተውኩና ፍሬኑን አጥብቄ ይዤ ቆምኩ። የጎማው አካባቢ ይጨስ ነበር። ወርጄ ለግማሽ ሰዓት ያህል ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ነው ያልኩት ለረዳቱ። ግማሹ እውነት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማልጥሰው ነገር አለኝ። የቁልቁለት ማርሽ የሚመረጠው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፣ አናት ላይ። ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚለውን የድሮ ምክር ሰምተህ ይሆናል። ለድሮው መኪና ጥሩ ነበር። የዛሬዎቹ ጉልበታቸው በዝቶ ዳገት በትልቅ ማርሽ ይወጣሉ፣ ስለዚህ ለመውረድ ከዚያ አነስ ያለ ያስፈልግሃል። የሞተር ፍሬኑን አብራው። ፍጥነቱ ካሰብከው ሲደርስ፣ ፍሬኑን ጠንከር አድርገህ ያዝና በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪቀንስ ጠብቀህ ልቀቅ። እንደገና ሲደርስ እንደገና። ሁልጊዜ ነካ አድርጎ መያዝ የፍሬኑን ሸራ ያግለዋል። ዜሮ አድርገህ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚልህ ሰው ካለ ሌላ ወሬ ጀምርለት። እና ድንገት ቁልቁለት ላይ ማርሽ ከሳትክ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክር። ካልገባ ፍሬኑ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አጥብቀህ ቁም። ከዚያ በትንሽ ማርሽ ተነስ።

ዳገት ላይ ማርሽ ብትስት ጉዳቱ ያነሰ ነው፣ ግን ጊዜ የለህም። ጭነት ያለው መኪና በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ፍጥነቱን ያጣል። አስበህ የነበረው ማርሽ አሁን በዝቶብሃል። አንድ ዝቅ ያለውን ፈልግ። ካልሆነ ቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ በዝቅተኛው ተነስ። ከኋላህ ጡሩምባ የሚያጮኸው ሰው ይቆያል።

ስንት ቀን ይፈጃል ላልከው፣ ባለ 16ቱን በባዶ መኪና ሦስት አራት ቀን በቂ ነው። ባለ 10ሩ ጊዜ ይፈልጋል። በሳምንት ከአሥር ስምንቱን ያለ ድምፅ ታስገባለህ። ቀሪዎቹ ሁለቱ፣ ደክሞህ ወይ ተናደህ ሳለ የምትስታቸው፣ ከወር በላይ አብረውህ ይኖራሉ። ጭነት ከመያዝህ በፊት በባዶ ሜዳ፣ ከዚያ በባዶ መንገድ፣ ከዚያ ግማሽ ጭነት። ባዶ መኪና ስህተትህን ይታገሳል። የጫነ መኪና አይጠብቅህም።

ለአለቃህ «ይህን ካምቢዮ አላውቀውም» ማለት ነውር አይደለም። ዝም ብሎ ካምቢዮ የጨረሰ ሾፌር ነው የሚባረረው። ከዚህ መኪና ላይ የወረደው ሾፌር ካለ አንድ ጉዞ አብሮህ እንዲቀመጥ ጠይቅ። ስለ ዘንጉ አቀማመጥ አትጠይቀው፣ እሱ እጀታው ላይ ተስሏል። የሚያስቸግረው ማርሽ የትኛው እንደሆነ ጠይቀው። እያንዳንዱ አሮጌ ካምቢዮ አንድ እንዲህ ያለ አለው። ወይ በጠዋት ዘይቱ እስኪሞቅ እምቢ የሚል 3ኛ፣ ወይ ቁልቁለት ላይ ከቦታው ተንሸራቶ የሚወጣ 6ኛ። ተንሸራቶ የሚወጣ አለ ካለህ ለመካኒኩ ሳታሳይ ጭነህ አትውጣ።